የሴንት ፓንክራስ ዓለም አቀፍ ተርሚናል፦ ጣሪያው ለባቡሩ፣ ምድር ቤቱ ለተሳፋሪው

ከለንደን ወደ ፓሪስ፣ ወደ ብራስልስ ወይም ወደ አምስተርዳም በባቡር መሄድ የሚፈልግ ሰው መነሻው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከኪንግስ ክሮስ ጎን የሚገኘው ሴንት ፓንክራስ ነው። በኬንት አውራጃ ያሉት አሽፎርድና ኤብስፍሊት እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ የዓለም አቀፍ ተሳፋሪ ይቀበሉ ነበር፤ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ ግን ለንደንን ከእነዚህ ከተሞች ጋር የሚያገናኘው የዩሮስታር ኩባንያ ባቡሮች አልፈዋቸው ይሄዳሉ እንጂ አይቆሙባቸውም። በምሥራቅ ለንደን ስትራትፎርድ ኢንተርናሽናል የሚባል ጣቢያም አለ፤ ስሙን አምኖ ሻንጣውን እየጎተተ የሚሄድ መንገደኛ ግን የሚያገኘው የአገር ውስጥ ባቡሮችን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ አንድም መደበኛ የዓለም አቀፍ ባቡር ቆሞበት አያውቅም። ስለዚህ ሴንት ፓንክራስን መገምገም አማራጭ የሌለውን በር መገምገም ነው፤ ተሳፋሪው ቢወደውም ባይወደውም የሚያልፈው በዚሁ ነው።

አስተያየቴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በሕንፃው ውበትና በአቀማመጡ ሴንት ፓንክራስ በአውሮፓ ካሉ ታላላቅ የባቡር ጣቢያዎች በፊተኛው ረድፍ የሚሰለፍ ነው። እንደ ዓለም አቀፍ ተርሚናል፣ ማለትም ተሳፋሪው ቲኬቱን አሳይቶ ከገባበት ደቂቃ አንስቶ ባቡሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ በሚቆይበት ክፍል ብቻ ሲመዘን ግን፣ ጠባብና የተጨናነቀ ነው። ምስጋናውም ወቀሳውም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፦ የሁለት አገሮችን ድንበር በመሃል ከተማ ባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣቢያ ውስጥ ለማስገባት ተወስኗል፤ ለድንበሩ የተገኘው ቦታ ደግሞ የቢራ መጋዘን ነበር።

የቢራውን ነገር እንደ ቀልድ የሚያነሱት ብዙዎች ናቸው፤ ተርሚናሉ ዛሬ ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚያስረዳው ግን ይኸው ታሪክ ነው። ጣቢያውን የሠራው ሚድላንድ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 አገልግሎት ሲጀምር ከሰሜን የሚመጣው ሐዲድ በሪጀንትስ ቦይ ላይ ከፍ ብሎ ማለፍ ስለነበረበት፣ ወደ ጣቢያው ሲደርስም ከመንገዱ ወለል በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መሐንዲሱ ዊሊያም ሄንሪ ባርሎው ከሐዲዱ በታች የተፈጠረውን ባዶ ቦታ በአፈር ከመሙላት ይልቅ በመቶዎች በሚቆጠሩ የብረት ምሰሶዎች ደግፎ ትልቅ ምድር ቤት አደረገው። ኩባንያው በርተን ከተባለችው የቢራ ጠማቂዎች ከተማ ብዛት ያለው በርሜል ያመጣ ስለነበር፣ የምሰሶዎቹ ርቀት በበርሜሉ ልክ ተቀምሮ ተተከለ። በርሜል ለመደርደር የተመጠነው ያ የምሰሶ ጫካ እስከ ዛሬ በቦታው ነው፤ ከላይ የቆሙትን ባቡሮች የተሸከመው እሱ ስለሆነ ማንም ሊነቅለው አይችልም። የአውሮፓ መንገደኛ ፓስፖርቱን የሚያሳየው፣ ሻንጣውን የሚያስፈትሸውና ተራውን የሚጠብቀው በእነዚህ ምሰሶዎች መካከል ነው።

ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው። የባርሎው ጣሪያ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 73 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ስፋት ያለ አንድም መካከለኛ ምሰሶ ይሸፍናል፤ በተሠራበት ዘመን በዓለም ላይ በአንድ ቅስት ከተከደኑ ቦታዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። የቅስቱ ብረት ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ መስታወቱ ታድሶ ቀን ቀን ብርሃኑን በሙሉ ወደ ታች ይለቀዋል። ፊት ለፊቱን የያዘው በጆርጅ ጊልበርት ስኮት የተነደፈው ባለ ቀይ ጡቡ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1873 ተከፍቶ በ1935 የተዘጋ ሲሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት የባቡር መሥሪያ ቤቶች ቢሮ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2011 እንደገና ሆቴል ሆኗል። በ1960ዎቹ ሕንፃው ሊፈርስ ታስቦ ነበር። ገጣሚው ጆን ቤጀማንና ሌሎች ተሟጋቾች ባሰሙት ተቃውሞ በ1967 ከፍተኛውን የቅርስ ጥበቃ ደረጃ አገኘና ተረፈ፤ የቤጀማን ሐውልትም ዛሬ በመሳፈሪያው ፎቅ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ጣሪያውን ቀና ብሎ ሲያይ ይታያል። ወደ 800 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀው ዕድሳት ተጠናቆ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጣቢያውን የመረቁት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2007 ሲሆን፣ ከስምንት ቀን በኋላ ዩሮስታር ከቀድሞው ማረፊያው ከዋተርሉ ተነቅሎ ወደዚህ ገባ።

ይህን ሁሉ ውበት ማየት የሚችለው ግን ባቡር የማይሳፈረው ሰው ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዘመዱን ሊሸኝ የመጣ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሜትር ከሚረዝመው የተቃቀፉ ጥንዶች ሐውልት ሥር ቆሞ፣ ከመስታወቱ ባሻገር የተደረደሩትን ረጃጅም ባቡሮች እንደ ልቡ ያያል። ቲኬት የያዘው ተሳፋሪ ደግሞ በታችኛው ፎቅ ባለው የሱቆች መተላለፊያ በኩል ወደ ምድር ቤቱ ይገባና፣ ጣሪያውን የሚያየው ሊሳፈር ሲጣደፍ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለ ሱቆቹ ብዙ አልልም፤ መድኃኒት ቤት፣ መጻሕፍት ቤት፣ ቡናና ዳቦ፣ የስጦታ ዕቃ፣ ሁሉም አለ፣ ሁሉም ውድ ነው። በመተላለፊያው ላይ ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ የተተዉት ፒያኖዎች ግን ሊመሰገኑ ይገባል፤ አንዳንዴ ጆሮ የሚያስይዝ፣ አንዳንዴም ባቡር የሚያስረሳ ተጫዋች ይገኛል። የአገር ውስጥ ተሳፋሪው ዕጣ ግን ያሳዝነኛል። ጣቢያው መጀመሪያ የተሠራላቸው የሌስተር፣ የኖቲንግሃምና የሼፊልድ ባቡሮች ከታላቁ ጣሪያ ተገፍተው በሰሜን በኩል በተቀጠለው ዝርግ ጣሪያ ሥር ከ1 እስከ 4 ያሉት መድረኮች ተሰጥተዋቸዋል፤ ከዋናው በር እዚያ ለመድረስ ረጅም የእግር ጉዞ ይጠይቃል። የባርሎው ጣሪያ ርዝመቱ 210 ሜትር ገደማ፣ የዩሮስታር ባቡር ርዝመት ደግሞ 400 ሜትር በመሆኑ፣ ቅጥያው የግድ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መግቢያው ልምጣ። ብሪታንያ የአውሮፓ ኅብረት አባል በነበረችበት ዘመንም ቢሆን በአባል አገሮች መካከል የድንበር ፍተሻን ያስቀረው የሸንገን ስምምነት አባል ስላልነበረች፣ ከለንደን የሚነሳው ባቡር ከፓሪስ ወደ ብራስልስ እንደሚሄደው ባቡር ዘው ተብሎ የሚገባበት ሆኖ አያውቅም። በዚያ ላይ በባሕር ሥር የሚያልፈው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ የራሱ የጸጥታ ደንብ አለው። ሁለቱ ተደምረው ተሳፋሪውን በተከታታይ የቲኬት በር፣ የዕቃና የሰውነት ፍተሻ፣ ከብሪታንያ በኩል አጭር የመውጫ ምዝገባ፣ በመጨረሻም የፈረንሣይ ድንበር ፖሊስ ይጠብቁታል። የፈረንሣይ ፖሊስ በለንደን መሃል ዳሱን ዘርግቶ የሚሠራው ሁለቱ መንግሥታት አንዳቸው በሌላቸው መሬት ላይ ድንበራቸውን እንዲቆጣጠሩ በመስማማታቸው ነው፤ ፍሬውም ትልቅ ነው፤ ፓሪስ የደረሰ ሰው ከባቡሩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ከተማው ይወጣል። የፖሊሱ ማኅተም በፓስፖርት ላይ ሲያርፍ ጥግ ላይ ትንሽ የባቡር ሥዕልና አቅጣጫ አመልካች ቀስት ይታያል፤ በአውሮፕላን የገባ ሰው በዚያው ቦታ የአውሮፕላን ሥዕል ነው የሚያገኘው።

ያ ማኅተም እየቀረ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመግቢያና የመውጫ ምዝገባ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በደረጃ ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር፣ የኅብረቱ አባል ያልሆኑ አገሮች ዜጎች ለአጭር ጊዜ ሲገቡ ፊታቸውን ፎቶ እንዲነሱና የጣት አሻራቸውን እንዲሰጡ ተደንግጓል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አሻራ አይጠየቁም፤ በአውሮፓ ኅብረት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰውም ሥርዓቱ አይመለከተውም። አንዴ የተመዘገበ ሰው መረጃው ለሦስት ዓመት ስለሚቆይ በሚቀጥለው ጉዞው ሥራው ይቀላል። በአየር ማረፊያ ይህ ለውጥ ማለት ጥቂት ማሽኖችን በሰፊ አዳራሽ መትከል ነው፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ማሽን ከአንድ ምሰሶና ከአንድ ሰልፍ ቦታ ሊሻማ ግድ ነው። ለማሽኖቹ ከዋናው መግቢያ ውጭ ተጨማሪ ቦታ መፈለግ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴን በግልጽ መናገር አለብኝ። የፍተሻው ሠራተኞች በአብዛኛው ትሑታንና ቀልጣፎች ናቸው፤ ችግሩ ከሰው አይደለም። ይህ ምድር ቤት ለተሳፋሪ ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ2007 የነበሩት ባቡሮች 750 ሰው የሚይዙ ነበሩ፤ ብዙው ተሳፋሪ የኅብረቱ አባል አገር ፓስፖርት ስለያዘ ፖሊሱ አየት አድርጎ ያሳልፈው ነበር። ዛሬ አዲሶቹ ባቡሮች ወደ 900 ሰው ይይዛሉ፤ ከብሬግዚት ወዲህ የብሪታንያ ፓስፖርት ያዡም እንደ ሌላው የውጭ ዜጋ ቆሞ ይጠየቃል፤ አሻራና ፎቶም ተጨምሯል። ባቡሩ አደገ፣ ድንበሩም አደገ፣ ምድር ቤቱ ባለበት ቀረ። በአርብ ማታ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት መጀመሪያና በገና ሰሞን ሁለት ሦስት ባቡሮች ተከታትለው ሲነሱ ሰልፉ በሱቆቹ መተላለፊያ በኩል የሚዘረጋውም ለዚህ ነው።

ፍተሻውን ጨርሶ የሚገባበት መቆያ አዳራሽ ደግሞ የተርሚናሉ ደካማ ጎን ነው። ጡቡና የብረት ምሰሶው ለዓይን ያምራሉ፤ ዕድሳቱን የመሩት ባለሙያዎች የላይኛውን ወለል በቦታ በቦታ ቀደው ብርሃን ወደ ታች እንዲወርድ ማድረጋቸውም ትልቅ ብልኃት ነበር። መቀመጫው ግን ለተሳፋሪው ብዛት አይመጥንም። ቀደም ብሎ የመጣው ወንበር ይይዛል፣ ዘግይቶ የመጣው ሻንጣው ላይ ወይም ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ የልጅ ጋሪ የያዘችው እናት ደግሞ በሰው እግር መካከል መንገድ ትፈልጋለች። ቡና መሸጫዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ወረፋቸውም ከድንበሩ ወረፋ ጋር ይፎካከራል። ውድ የቲኬት ማዕረግ ለያዙ ተሳፋሪዎች የተለየ ማረፊያ አለ፤ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል፣ የቲኬቱ ዋጋ ልዩነት ግን ለማረፊያው ብቻ ተብሎ የሚከፈል አይደለም። ለማንኛውም መንገደኛ የምመክረው ውኃውንና ምግቡን ይዞ እንዲገባ ነው፤ እዚህ እንደ አየር ማረፊያ የ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ገደብ ስለሌለ ጠርሙሱን የሚነጥቀው የለም።

የመሳፈሩ ሥርዓትም የራሱ ትርኢት አለው። ባቡሩ ሊነሳ 20 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው የመድረኩ ቁጥር በሰሌዳው ላይ ይወጣና፣ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ከምድር ቤቱ ወደ መድረኮቹ የሚያወጣው ተዳፋት የሆነ ተንቀሳቃሽ ወለል ነው፤ ሻንጣ ለያዘ ሰው ከደረጃ ይሻላል፣ አሳንሰርም አለ። አዲሱ ባቡር 16 ፉርጎ ያለው በመሆኑ የፉርጎውን ቁጥር አስቀድሞ ያላየ ሰው የተሳሳተው ጫፍ ላይ ወጥቶ 200 እና 300 ሜትር ሊመለስ ይችላል። መቀመጫው ስለተመዘገበ መሯሯጡ ጥቅም የለውም፤ የሚሻሙበት ብቸኛው ነገር የሻንጣ ማስቀመጫ መደርደሪያ ነው። ደንቡ ለአንድ ዐዋቂ ከ85 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ሁለት ሻንጣዎችና አንድ የእጅ ቦርሳ ይፈቅዳል፤ ክብደቱን የሚመዝን የለም፣ ራስህ ማንሳት ከቻልህ በቂ ነው። ከአውሮፕላን ጋር ሲነጻጸር ይህ ለእኛ ዓይነት መንገደኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሐበሻ ባዶ እጁን አይሄድምና።

ይሁን እንጂ በሻንጣው ውስጥ ያለው ነገር መታሰብ አለበት። ከብሪታንያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋም ሆነ የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ክልክል ነው። በርበሬው፣ ሽሮውና ምስሩ ችግር የለባቸውም፤ ንጥር ቅቤው፣ አይቡና ቋንጣው ግን ጉምሩክ ካገኛቸው ይወረሳሉ። ለበዓል ብላችሁ የሠራችሁትን ዶሮ ወጥ በዕቃ አሽጋችሁ ፓሪስ ላለች እህታችሁ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ዶሮዋን እዚያው ገዝታችሁ ብትሠሩት ይሻላል። በመልሱ ጉዞም ቢሆን ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በእንስሳት በሽታ ሥጋት ከአውሮፓ በመንገደኛ እጅ የሚገባ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ውጤት ከልክላለች።

የሰነዱ ጉዳይ ከምግቡ ይበልጥ ይከብዳል። የብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ነገር ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ብቻውን ወደ ፓሪስ አያሳልፈውም። በተቃራኒው ፓሪስ ወይም ብራስልስ የሚኖር ኢትዮጵያዊም የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ስላለው ብቻ ለንደን አይገባም። የአውሮፓ አገር ዜግነት የወሰዱትም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2 ቀን 2025 ወዲህ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሰጠውን የብሪታንያ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ይኖርባቸዋል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙ ወገኖቻችን የሚሄዱበትን አገር ሕግ ለየብቻ ማጣራት አለባቸው፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና። ይህን የምጽፈው ተርሚናሉን ለመውቀስ አይደለም። የድንበሩ ዳስ ከመነሻው ጣቢያ ውስጥ ስለሆነ፣ ሰነዱ ያልተሟላ ሰው ፓሪስ ደርሶ ሳይሆን ለንደን ላይ ባቡሩ ሳይነሳ ይመለሳል፤ ከድካሙ አንጻር ይህኛው ይሻላል።

አንባቢ በዚህ ሁሉ ወቀሳ መካከል ተርሚናሉን ለምን በፊተኛው ረድፍ አስቀመጥኸው ሊለኝ ይችላል። መልሱ በአቀማመጡ ነው። ባቡሩ ከለንደን ፓሪስ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል፤ ሲደርስም የሚያቆመው ጋር ዱ ኖር በተባለው የመሃል ከተማ ጣቢያ ነው። ሴንት ፓንክራስ በር ላይ ስድስት የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ይገናኛሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የፒካዲሊ መስመር ከሂትሮው አየር ማረፊያ ያለ ለውጥ የሚመጣ ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሂትሮው ያረፈ ሰው አንድ ባቡር ይዞ እዚህ ይደርሳል፤ ሰዓት ከተረፈውም በእግሩ ጥቂት ተጉዞ ካሌዶኒያን መንገድ ላይ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ እንጀራ በልቶ ይመለሳል። ዓለም አቀፍ ጣቢያ ከከተማው መሃል መገኘቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለአዲስ አበባ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡር መሃል ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር፣ የአሁኑን ለመሳፈር ግን መጀመሪያ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ለቡ መሄድ ያስፈልጋል።

ከሌሎቹ ተርሚናሎች ጋር ማነጻጸሩም ፍርዴን ያጠናክረዋል። ዩሮስታር እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2007 የተጠቀመበት የዋተርሉ ተርሚናል በኒኮላስ ግሪምሾ የተነደፈ፣ ከመጀመሪያው ለዓለም አቀፍ ባቡር ተብሎ የተሠራና 400 ሜትር በሚረዝም ጠመዝማዛ የመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ ነበር። እንደ ተርሚናል ከሴንት ፓንክራስ ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ መነሻ አዳራሹ ለሰው ተለክቶ የተሠራ ነውና። ሆኖም ባቡሩ ከዚያ ተነስቶ ኬንትን የሚያቋርጠው ከከተማ ባቡሮች ጋር በሚጋራው አሮጌ ሐዲድ በዝግታ ነበር፤ አዲሱ ፈጣን መስመር ሲያልቅ ወደ ሰሜን መዞሩ አይቀሬ ሆነ። የዋተርሉ መድረኮች ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈት ሆነው ቆይተው በመጨረሻ ለአገር ውስጥ ባቡሮች ተሰጡ። ብራስልስ ሚዲ ላይ የለንደኑ ተርሚናል ከ1 እና ከ2 ቁጥር መድረኮች ጋር ተጣብቆ የተከለለ ነው፤ ግርማ ሞገስ የለውም። አምስተርዳም ደግሞ ለተርሚናሉ ቦታ ማጣት ምን እንደሚያስከትል በደንብ አሳይቷል፤ የማዕከላዊ ጣቢያው ዕድሳት ላይ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ እስከ 2025 ፌብሩዋሪ፣ ወደ ለንደን የሚሄድ ሰው ብራስልስ ላይ ወርዶ ዕቃውን ተሸክሞ ተፈትሾ ሌላ ባቡር መሳፈር ነበረበት። አዲሱ ተርሚናል ሲከፈት ቀጥተኛው ጉዞ ተመለሰ።

የሴንት ፓንክራስ ምድር ቤትም ሳይሰፋ የሚቀር አይመስለኝም። የመስመሩ ባለቤቶች በሰዓት 1800 ገደማ የሆነውን የመንገደኛ አቅም ደረጃ በደረጃ ወደ 5000 ለማድረስ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል፤ የብሪታንያ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ቨርጂን የተባለው ኩባንያ በምሥራቅ ለንደን ያለውን የቴምፕል ሚልስ ባቡር ማደሪያ እንዲጠቀም በመፍቀዱ፣ ለዩሮስታር ተፎካካሪ የሚመጣበት መንገድ ተከፍቷል። ተፎካካሪ ሲመጣ የቲኬት ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለተኛው ባቡር የሚያመጣቸው ሰዎችም በዚያው ምድር ቤት፣ በዚያው የፖሊስ ዳስ ፊት መቆማቸው ግን አይቀርም። ቦታ ሳይሰፋ ባቡር ቢጨመር የሚረዝመው ሰልፉ ነው። ከመተላለፊያው ሱቆች ጥቂቱ ተነስቶ ለተሳፋሪው ቢሰጥ ተቃውሞ የለኝም፤ ከኪራዩ ገቢ አንጻር ባለቤቶቹ ይጨክናሉ ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለሚጓዝ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ከተቻለ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የሚነሳ ባቡር ይምረጥ፤ በቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ሰዓት ያክብር፣ የመጀመሪያ የአሻራ ምዝገባ ያለበት ደግሞ ከዚያም ቀደም ይበል። በሩ ባቡሩ ሊነሳ 30 ደቂቃ ሲቀረው ስለሚዘጋ፣ መተላለፊያው ላይ ፒያኖ እያዳመጡ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። መጸዳጃ ቤቱ ነጻ ነው። ፓሪስ ላይ ለመልሱ ጉዞ ሲመጣ ደግሞ የለንደኑ ተርሚናል የጋር ዱ ኖር የላይኛው ፎቅ ላይ መሆኑን ያስታውስ፤ እዚያ የፈረንሣይ መውጫና የብሪታንያ መግቢያ ዳሶች ተከታትለው ስለተሰለፉ ፓስፖርቱን ሁለት ጊዜ ያሳያል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ጊዜ መያዝ ያስፈልገዋል። ያንን የጨረሰ ሰው ለንደን ሲደርስ የሚቀረው በጉምሩኩ መተላለፊያ በኩል ወጥቶ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ መውረድ ብቻ ነው።